127 ሰዓት (የ2010 ፊልም)

«127 ሰዓት» (በእንግሊዝኛ አጠራሩ «127 አወርስ») በ2010 ለእይታ የበቃ የብሪታንያና የአሜሪካ ድራማ ፊልም ነው። ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ዳኒ ቦይል ሲሆን፣ ስክሪፕቱን ከሳይመን ቦፎይ ጋር ጽፎታል። ታሪኩ የአሜሪካዊው ተራራ ወጪ የአሮን ራልስተን ነው። ራልስተን በ2003 በዩታ ግዛት በረሃ፣ ብሉጆን በተባለ ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ቀኝ እጁ በቋጥኝ ተቀርቅሮ ከቆየ በኋላ የገዛ ክንዱን ቆርጦ ሕይወቱን ያተረፈ ሰው ነው። በፊልሙ ራልስተንን ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ፍራንኮ ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ በብዙዎች ዘንድ የሚነሣው በክንድ መቁረጡ ትዕይንት ነው። ይሁን እንጂ ከ94 ደቂቃው ውስጥ ይህ ትዕይንት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው የማንንም ርዳታ ሳይሹ መኖርን እንደ ጀግንነት ይቆጥር በነበረ ወጣት አእምሮ ውስጥ ነው፤ ጸጸት፣ ፍርሃት፣ ቅዠት፣ በራስ ላይ መሳለቅና በመጨረሻም ውሳኔ።

እውነተኛው ታሪክ

አሮን ራልስተን የተወለደው ኦክቶበር 27 ቀን 1975 ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ተምሮ በኢንቴል ኩባንያ ሲሠራ ቆየ፤ በ2002 ግን ሥራውን ለቆ ኑሮውን ከተራራ ጋር አደረገ። ያለመው ከ14,000 ጫማ (4,267 ሜትር) በላይ ከፍታ ያላቸውን የኮሎራዶ ተራሮች በሙሉ፣ በበረዶው ወራት፣ ብቻውን ለመውጣት ነበር። ከአደጋው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2003፣ ኮሎራዶ ውስጥ የበረዶ ናዳ ከጓደኞቹ ጋር ወስዶት ለጥቂት ተርፏል።

ኤፕሪል 26 ቀን 2003፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ራልስተን በደቡብ ምሥራቅ ዩታ ወደሚገኘው ብሉጆን ሸለቆ ብቻውን ገባ። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም። በሸለቆው ግድግዳዎች መካከል ወደ ታች ሲወርድ ተሰክቶ የነበረ ቋጥኝ ከቦታው ተነቅሎ ወደቀና ቀኝ እጁን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የድንጋዩ ክብደት 360 ኪሎ ግራም ገደማ ይገመታል። በእጁ የቀረው ውኃ ከግማሽ ሊትር ያነሰ፣ ምግቡም ሁለት ቡሪቶ (ጥቅል ቂጣ) ብቻ ነበር።

በተከታዮቹ ቀናት ድንጋዩን በቢላ ለመፈርፈር ሞከረ፤ በገመድ አንሥቶ ለማንቀሳቀስም ታገለ፤ አልሆነለትም። ውኃው ሲያልቅ ሽንቱን ጠጣ። እንደሚሞት ሲያምን ስሙን፣ የተወለደበትንና ይሞትበታል ያለውን ቀን በሸለቆው ግድግዳ ላይ ቀረጸ፤ ለቤተሰቡም የስንብት ቃሉን በቪዲዮ ካሜራ አስቀረ። ሜይ 1 ቀን ጠዋት፣ የተያዘውን ክንድ በመጠምዘዝ አጥንቱን መስበር እንደሚችል ተገለጠለት። ሁለቱን የክንድ አጥንቶች ከሰበረ በኋላ ሥጋውንና ጅማቱን በርካሽና በደነዘ የኪስ ቢላ ቆረጠ፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከዚያ በአንድ እጁ 20 ሜትር ገደማ በሚሆን ገደል በገመድ ወርዶ በእግሩ ሲጓዝ፣ ለጉብኝት የመጣ የኔዘርላንድ ቤተሰብ አገኘው። ሲፈልገው የነበረ ሄሊኮፕተርም ደርሶ ወደ ሆስፒታል ወሰደው። ራልስተን ታሪኩን በ2004 በታተመው «ቢትዊን ኤ ሮክ ኤንድ ኤ ሃርድ ፕሌስ» በተሰኘ መጽሐፉ የጻፈው ሲሆን፣ የፊልሙ መነሻ ይኸው መጽሐፍ ነው።

የፊልሙ ታሪክ

ፊልሙ የሚከፈተው በሕዝብ ጎርፍ ነው፤ በሦስት በተከፈለው ስክሪን ላይ ባቡር ጣቢያዎች፣ ስታዲየሞችና መንገዶች በሰው ተጨናንቀው ይታያሉ። አሮን ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው ለመሸሽ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። የእናቱና የእኅቱ የስልክ መልእክት ሳይመለስ ያልፋል። እጁ በመደርደሪያው ላይ ይዳስሳል፤ ስለታሙ የስዊስ ቢላ ግን ከጣቶቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀራል።

በነጋታው በብስክሌት በረሃውን ሲያቋርጥ ይወድቃል፤ ተነሥቶም የወደቀበትን አኳኋን እየሳቀ ፎቶ ያነሣል። መንገድ የጠፋቸውን ሁለት ወጣት ሴቶች፣ ክሪስቲንና ሜጋንን፣ አግኝቶ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ወደተሰወረ የውኃ ገንዳ ይወስዳቸዋል። ሲለያዩ ለግብዣ ይጠሩታል፤ እሱ ግን ወደ ብቻው ጉዞ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ቋጥኙ ይወድቃል። የፊልሙ ርዕስ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ገና በዚህ ቅጽበት ነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራው ከሸለቆው የሚወጣው በአሮን ሐሳብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዕቃውን አንድ በአንድ ዘርግቶ ይቆጥራል፤ እንደ መሐንዲስ ያሰላል፤ ገመድና ቀለበት አገጣጥሞ ድንጋዩን ለመሳብ ይሞክራል። ጠዋት ጠዋት አንድ ቁራ ከበላዩ ይበራል፤ ፀሐይም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ወደ ሸለቆው ዘልቃ እግሩን ታሞቃለች። ድካሙና ጥሙ ሲበረታ ትዝታና ቅዠት ይደባለቁበታል፤ ልጅነቱን፣ ፍቅሯን ችላ ያላትን የቀድሞ ወዳጁን፣ የማይደርስበትን የእኅቱን ሠርግ ያያል። ዶፍ ዘንቦ ነጻ ሲያወጣውም ያልማል። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ልጅ ይታየዋል፤ ወደፊት የሚወለደው የገዛ ልጁ ነው። ክንዱን ለመቁረጥ የሚነሣው ይህን ካየ በኋላ ነው።

ነጻ ወጥቶ ሰዎችን ከሩቅ ሲያይ ርዳታ እንደሚፈልግ በተሰበረ ድምፅ ይጮኻል። ፊልሙ የሚዘጋው እውነተኛውን ራልስተንን ከባለቤቱና ከልጁ ጋር በማሳየት ነው። ተከትሎ የሚወጣው ጽሑፍ ተራራ መውጣቱን እንዳላቆመ፣ ነገር ግን ወዴት እንደሚሄድ ሁልጊዜ ማስታወሻ ትቶ እንደሚወጣ ይናገራል።

ተዋንያን

- ጄምስ ፍራንኮ — አሮን ራልስተን
- ኬት ማራ — ክሪስቲ
- አምበር ታምብሊን — ሜጋን
- ክሌማንስ ፖዌዚ — የአሮን የቀድሞ ወዳጅ ራና
- ሊዚ ካፕላን — የአሮን እኅት ሶንያ
- ትሪት ዊሊያምስ — የአሮን አባት
- ኬት በርተን — የአሮን እናት

ዝግጅት

ቦይል ፊልሙን ለመሥራት ሐሳቡን ለራልስተን ያቀረበው በ2006 ነበር። በዚያን ጊዜ አልተስማሙም። ራልስተን የፈለገው እንደ ዶኩመንታሪ ያለ፣ ባለታሪኩ ራሱ የሚናገርበትን ሥራ ነው፤ የቦይል ምኞት ግን ተመልካቹን ከአንድ ተዋናይ ጋር ሸለቆው ውስጥ የሚዘጋ ድራማ ነበር። ነገሩን የለወጠው የቦይል «ስላምዶግ ሚሊየነር» ነው። ይህ ፊልም በፌብሩዋሪ 2009 ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተርን ጨምሮ ስምንት ኦስካር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ቦይል አደገኛ ለሚመስል ሐሳብ ገንዘብ የሚሰጠው አገኘ፤ ራልስተንም ታሪኩን ለድራማ ለመስጠት ፈቀደ።

አዲሱ ፊልም የተሠራውም በአብዛኛው በዚያው የ«ስላምዶግ» ቡድን ነው። የስክሪፕት ጸሐፊው ቦፎይ፣ የሙዚቃ ደራሲው ኤ. አር. ራህማን፣ የካሜራ ባለሙያው አንቶኒ ዶድ ማንትልና ፕሮዲውሰሩ ክርስቲያን ኮልሰን አብረው ተመለሱ። ለሌላው ፕሮዲውሰር ለጆን ስሚዝሰን የተራራ ታሪክ አዲስ አልነበረም። ሁለት እንግሊዛውያን ተራራ ወጪዎች በ1985 በፔሩ ሲውላ ግራንዴ ተራራ ላይ የደረሰባቸውን የሚተርከውን «ተቺንግ ዘ ቮይድ» የተሰኘ የ2003 ፊልም ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው።

ወጪው 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ለሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች አነስተኛ በጀት ነው። ገንዘቡንና ሥራውን ፓቴ፣ ፊልም 4ና ኤቨረስት ኢንተርቴይንመንትን የመሳሰሉ ድርጅቶች ተጋርተውታል፤ በአሜሪካ ያከፋፈለው ደግሞ ፎክስ ሰርችላይት ነው።

ቀረጻ

ቀረጻው በማርች 2010 በዩታ ተጀመረ። የተወሰነው ክፍል በበረሃው የተቀረጸ ሲሆን፣ አሮን ተይዞ የሚታይባቸው አብዛኞቹ ትዕይንቶች ግን በሶልት ሌክ ሲቲ በተሠራ ሸለቆ ውስጥ የተነሡ ናቸው። በሱቲራት ላርላርብ የተመራው የዲዛይን ቡድን ሸለቆውን የሠራው እውነተኛውን ቦታ በሌዘር ለክቶ ነው። ግድግዳዎቹ ካሜራ እንዲመቸው ተብለው አልሰፉም፤ ፍራንኮ በእርግጥም መፈናፈኛ በማይሰጥ ቦታ ቆሞ ነበር የሚሠራው።

ቦይል በአንድ ፊልም ላይ ሁለት የካሜራ ኃላፊዎችን መደበ፤ ዶድ ማንትልንና ኢኳዶራዊውን ኤንሪኬ ቼዲያክን። ሁለቱ የየራሳቸውን ቡድን ይዘው እየተፈራረቁ ስለሠሩ ቀረጻው ፋታ አልነበረውም። የሚጠቀሙባቸው ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች በተዋናዩ ፊትና በድንጋዩ መካከል መግባት የሚችሉ ነበሩ። በዚህም የተነሣ ፊልሙ እንቅስቃሴ የተነፈገውን ሰው ሲያሳይ ራሱ አንድም ጊዜ ረግቶ አይቆምም። ምሳሌ የሚሆነው የጥሙ ትዕይንት ነው፤ አሮን መኪናው ውስጥ የተወውን መጠጥ ሲያስታውስ ካሜራው ከሸለቆው ተወርውሮ በረሃውን አቋርጦ እስከ መኪናዋ ይበርራል፣ ጠርሙሱንም ያገኛል። ሰውየው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ራልስተን በሸለቆው ውስጥ የቀረጸውን ቪዲዮ ከቤተሰቡና ከቅርብ ጓደኞቹ በቀር ለሌላ አያሳይም ነበር። ለቦይልና ለፍራንኮ ግን ፈቀደላቸው። በፊልሙ ውስጥ አሮን ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት ረጋ ያለ፣ ልቅሶ የሌለበት አነጋገር የመጣው ከዚያ ነው።

ለመቁረጡ ትዕይንት የተሠራው ሰው ሠራሽ ክንድ አጥንት፣ ጡንቻና ነርቭ የተደራረቡበት ነው። ቢላው ነርቩን ሲነካ የሚሰማው ስለታም የኤሌክትሮኒክ ጩኸት ከምስሉ ይበልጥ የብዙ ተመልካች ትዝታ ሆኖ ቀርቷል።

ሙዚቃ

ራህማን ለፊልሙ የጻፈው ሙዚቃ ለ«ስላምዶግ» ከሠራው በእጅጉ የተለየ ነው፤ ጊታርና የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ያመዝኑበታል። እሱና እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ዳይዶ አብረው ያቀረቡት «ኢፍ አይ ራይዝ» የተሰኘው ዜማ አሮን የወደፊት ልጁን ከሚያይበት ምዕራፍ ጋር የተያያዘ ነው። በመጨረሻው የመዳን ትዕይንት የሚሰማው ደግሞ «ሲጉር ሮስ» የተባለው የአይስላንድ ባንድ ሥራ ነው።

የሥነ ልቦና ጭብጥ

በተራራ ወጪዎች ላይ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ጠላት የሚያደርጉት ተፈጥሮን ነው፤ ማዕበሉን፣ በረዶውን፣ ከፍታውን። በዚህ ፊልም ግን ሸለቆው ክፉ ሆኖ አይቀርብም። አሮንን አደጋ ላይ የጣለው ድንጋዩ ነው፤ ለሞት ያቀረበው ግን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ጭብጡ ጎልቶ የሚወጣው አሮን የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ በሚያስመስልበት ትዕይንት ነው። ጠያቂውም ተጠያቂውም እሱ ነው፤ ሰው ሠራሽ የተመልካች ሳቅ ከበስተጀርባ ይሰማል። ጠያቂው እንግዳውን ብቻውን የሚዞር ትልቅ ጀግና እያለ ያሞግሰዋል፤ ወዲያው ግን ወዴት እንደሄደ ለማን እንደነገረ ይጠይቀዋል። መልሱ ለማንም የሚል ነው። በቀልድ የተጀመረው ነገር የክስ ችሎት ይሆናል፤ ከሳሹም ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው።

ከዚህ በኋላ አሮን በድንጋዩ ላይ ያለው አመለካከት ይለወጣል። ቋጥኙ በድንገት ያገኘው መሆኑ ይቀርና፣ ገና ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረ፣ እሱም በሕይወቱ በመረጣቸው ምርጫዎች ሁሉ እርምጃ በእርምጃ ሲቀርበው የኖረ ሆኖ ይታየዋል። ያልመለሰው የእናቱ ስልክና ያባረራት ወዳጁ ከዚያ እርምጃ መካከል ናቸው። ስለዚህ የሚያያቸው ቅዠቶች የተራበ አእምሮ ጨዋታ ብቻ አይደሉም፤ ወንበር ላይ ተደርድረው ዝም ብለው የሚመለከቱት ቤተሰቦቹና ጓደኞቹ ቀድሞ የሸሻቸው ሰዎች ናቸው።

የመትረፉ ምክንያትም በዚሁ መስመር ቀርቧል። ጉልበቱና ዘዴው ቀደም ብለው ከድንጋዩ ጋር ታግለው ተሸንፈዋል። ቢላውን እስከ መጨረሻ የሚገፋው ወደ ሰዎች የመመለስ ፍላጎት ነው። ከሸለቆው ሲወጣ ለማያውቃቸው መንገደኞች የሚያሰማው የድረሱልኝ ጥሪ የተራራ ወጪው ለውጥ ማረጋገጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ለሌሎች መንገድ መሪ የነበረው ሰው አሁን ተደጋፊ መሆንን ይቀበላል።

እውነታውና ፊልሙ

ራልስተን ፊልሙ ለእውነታው እጅግ የቀረበ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ዋናው ልዩነት በመጀመሪያው ክፍል ነው። በውኃ ገንዳው ውስጥ የሚዋኙበት ትዕይንት በእውነት አልነበረም፤ ራልስተን ለሁለቱ ሴቶች ያሳያቸው አንዳንድ ቀላል የድንጋይ አወጣጥ ስልቶችን ነው። ገንዳውም ከሸለቆው ርቆ፣ ሚድዌይ በተባለች የዩታ ከተማ የተቀረጸ ነው። ልጁን በራእይ ማየቱ ግን የፊልም ፈጠራ አይደለም፤ ራልስተን ይህን በመጽሐፉ ጽፎት ነበር። ልጁ የተወለደው ፊልሙ በተሠራበት በ2010 ነው።

ፊልሙ የማያሳየው ቀጣይ ታሪክም አለ። ሸለቆው ውስጥ የቀረውን እጅ የፓርክ ሠራተኞች ቋጥኙን በመሣሪያ አንሥተው አወጡት፤ ተቃጥሎም አመዱ ለራልስተን ተሰጠው። እሱም በ28ኛ የልደት ቀኑ ወደ ብሉጆን ተመልሶ እዚያው በተነው። የኮሎራዶን ተራሮች ብቻውን በበረዶው ወራት የመውጣት ዕቅዱን ደግሞ በሰው ሠራሽ ክንድ ቀጥሎ በ2005 ፈጸመው።

አቀባበል

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሴፕቴምበር 2010 በቴሉራይድ የፊልም ፌስቲቫል ነው፤ በዚያው ወር በቶሮንቶ፣ በኦክቶበርም በለንደን ፌስቲቫል መዝጊያ ላይ ቀረበ። በአሜሪካ ኖቬምበር 5 ቀን 2010፣ በብሪታንያ ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 2011 ለሕዝብ ወጣ። በመላው ዓለም ያስገባው ገቢ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዕይታዎች ላይ ክንዱ ሲቆረጥ ራሳቸውን የሳቱ ተመልካቾች እንደነበሩ ጋዜጦች ዘገቡ፤ ዜናው ለፊልሙ ዝና አተረፈለት፣ አስፈሪ ፊልም የሚል ግምትም ፈጠረበት። ሐያስያን በአብዛኛው አወደሱት። አሜሪካዊው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ሙሉ አራት ኮከብ ሰጥቶታል። ምስጋናው ያዘነበለው ፊልሙን ብቻውን ማለት ይቻላል በተሸከመው በፍራንኮ ትወና ላይ ነው። የተቃወሙት ደግሞ የቦይል ፈጣን አቆራረጥ፣ የተከፋፈለ ስክሪንና ደማቅ ሙዚቃ የሸለቆውን ጸጥታና የጊዜውን ርዝመት ይጋርዳል ብለዋል።

ሽልማቶች

ፊልሙ ለስድስት የኦስካር ሽልማቶች ታጨ፤ ለምርጥ ፊልም፣ ለምርጥ ዋና ተዋናይ፣ ከሌላ ሥራ ለተወሰደ ስክሪፕት፣ ለኤዲቲንግ (ጆን ሃሪስ)፣ ለሙዚቃና ለዘፈን። አንዱንም አላሸነፈም። በዚያ ዓመት ምርጥ ፊልም «ዘ ኪንግስ ስፒች»፣ ምርጥ ተዋናይም የዚያው ፊልም ኮሊን ፈርዝ ሆነ፤ የስክሪፕቱን፣ የኤዲቲንጉንና የሙዚቃውን ሽልማት «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ወሰደ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2011 በተካሄደው በዚህ ሥነ ሥርዓት ፍራንኮ ዕጩ ብቻ ሳይሆን ከአን ሃታዌይ ጋር የመድረኩ መሪም ነበር። ለገለልተኛ ፊልሞች በሚሰጠው የ«ኢንዲፔንደንት ስፒሪት» ሽልማት ግን የምርጥ ዋና ተዋናይነቱን ክብር አግኝቷል። ፊልሙ በጎልደን ግሎብም በሦስት ዘርፎች ታጭቶ ነበር።

በተራራ ፊልሞች ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ

የተራራ ፊልም እንደ ዘርፍ ጎልቶ የወጣው በ1920ዎቹ በጀርመን፣ በተለይ በአርኖልድ ፋንክ ሥራዎች ነው። በእነዚያ ፊልሞች ተራራው የሰው ወኔ የሚፈተንበት ታላቅ መድረክ ነበር። «ተቺንግ ዘ ቮይድ» ትኩረቱን ከከፍታው ወደ ተራራ ወጪዎቹ ሕሊና ሲያዞር፣ «127 ሰዓት» ከፍታውን ፈጽሞ አስወግዶ ተራራ ወጪውን ከመሬት በታች፣ በአንድ ቦታ አቆመው። በዚያው ዓመት በሬሳ ሣጥን ውስጥ የተቀበረን ሰው ያሳየው የሮድሪጎ ኮርቴስ «በሪድ» እና በ2013 የወጣው፣ በባሕር ላይ ብቻውን የቀረ መርከበኛን የሚተርከው «ኦል ኢዝ ሎስት» ተመሳሳይ ፈተና የገጠማቸው ሥራዎች ናቸው፤ አንድ ተዋናይ፣ አንድ ቦታ፣ እያለቀ ያለ ጊዜ።

ቦፎይ ከዚህ በኋላ በ1996 በኤቨረስት ላይ የደረሰውን የብዙ ሰዎች ሞት የሚያሳየውን «ኤቨረስት» የተሰኘውን የ2015 ፊልም ከዊሊያም ኒኮልሰን ጋር ጽፏል። በዚያኛው ታሪክ ብዙ ሰዎች ተራራውን በቡድን ይወጣሉ፤ በ«127 ሰዓት» ግን አንድ ሰው ሌሎችን ሸሽቶ በረሃ ይገባል። የቦይልን ፊልም ከሌሎች የተራራ ፊልሞች የሚለየውም ይኸው ነው፤ ድሉን የለካው ከጫፍ በመድረስ ሳይሆን ወደ ሰው በመመለስ ነው።